በየዓመቱ የሚያሟግት ማኅበር፦ የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ሕግ ማኅበር እንደ ጉዳይ ጥናት

(ቀኖቹና ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋሽንግተን ውስጥ ከዱፖንት ሰርክል ተነስቶ በማሳቹሴትስ ጎዳና ሽቅብ ለሚራመድ ሰው መንገዱ በግራም በቀኝም የኤምባሲ ሰልፍ ነው። ሸሪዳን ሰርክል ከሚባለው አደባባይ አጠገብ፣ ቁጥር 2223 ላይ ግን ኤምባሲ ያልሆነ አንድ የድሮ ቤት አለ። ቲላር ሀውስ ይሉታል፤ የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ሕግ ማኅበር መቀመጫ ነው። ከበሩ ወጥቶ ጥቂት የተራመደ ሰው አደባባዩ ዳር ዝቅ ብላ የተተከለች ክብ የመታሰቢያ ሰሌዳ ያገኛል። የቀድሞው የቺሊ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኦርላንዶ ሌተሊየርና የሥራ ባልደረባቸው ሮኒ ሞፊት፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1976 ጠዋት፣ መኪናቸው ላይ በተጠመደ ፈንጂ የተገደሉት እዚህ ነው። ያስገደላቸው የቺሊው ወታደራዊ ገዥ የፒኖቼት የስለላ ድርጅት ነበር። ቺሊ ለቤተሰቦቹ ምን ያህል ትክፈል የሚለው በመጨረሻ የተወሰነው በ1992 ሲሆን፣ የወሰነው ኮሚሽን የቆመው አሜሪካና ቺሊ በ1914 በተፈራረሙት ስምምነት ላይ ነው። ሰባ ምናምን ዓመት መደርደሪያ ላይ የተኛ ወረቀት ማለት ነው።

ያን ዓይነት ወረቀት የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል? ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ አብሮኝ ሕግ የተማረ አንድ ጓደኛዬ ባለፈው ጊዜ ደውሎ፣ በየዓመቱ ወደዚህ ማኅበር ጉባኤ እንደምሄድ ስነግረው፣ «እና ተሰብስባችሁ ምን ታመጣላችሁ? ጦርነት አላስቆማችሁ፣ ፍርድ አላስፈጸማችሁ» አለኝ። ስልኩ ላይ ጥሩ መልስ አልሰጠሁትም። ነገሩን በአንድ ጉዳይ ላይ ተከትዬ ላሳየው ብዬ ነው፤ ጉዳዩም ደግሞ የራሳችን ነው፤ ኢትዮጵያ ሄግ በሚገኘው የዓለም ፍርድ ቤት የተረታችበት።

መጀመሪያ ስለ ማኅበሩ ትንሽ ልበል። ሐሳቡ የተጠነሰሰው በ1905 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ሞሆንክ ሐይቅ ዳር በየዓመቱ ይደረግ በነበረ የግልግል ዳኝነት ጉባኤ ላይ ነው። በማግስቱ ዓመት በ1906 ማኅበሩ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ኢላይሁ ሩት በወቅቱ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፤ በወንበሩ ላይ እስከ 1924 ቆዩ፤ በመሀሉ የ1912ን የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰዱ። ከእሳቸው በኋላም ኮርዴል ሃልን የመሰሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ለሥልጣን የቀረበ ማኅበር ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ደስ ይለኛል፦ የማኅበሩ መጽሔት የመጀመሪያ እትም የወጣው በጃንዋሪ 1907 ነው፤ የመጀመሪያው ዓመታዊ ጉባኤ ደግሞ የተካሄደው በዚያው ዓመት ኤፕሪል። ከንግግሩ በፊት ወረቀቱ ቀደመ። ከመቶ ዓመት በኋላም ሳየው የማኅበሩ ጠባይ ይኸው ነው።

የማኅበሩ ዓመት እንዴት እንደሚዞር በእኛ ወራት ብነግራችሁ ይቀላል። ክረምት ላይ፣ እኛ አገር ዝናቡ ሲጠና፣ የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ የሚመጣውን ዓመት መሪ ርዕስ ያወጣና ከአባላት ሐሳብ ይጠይቃል። ሰው ሁሉ የውይይት መድረክ ሐሳብ ጽፎ ይልካል፤ አብዛኛው ይወድቃል (የእኔም ወድቆ ያውቃል)። ጥቅምትና ኅዳር አካባቢ የግማሽ ዓመት ስብሰባ ይደረጋል፤ ወጣት መምህራን ገና ያልታተመ ጽሑፋቸውን ይዘው መጥተው በባልደረቦቻቸው የሚተቹበት መድረክም አለው። መጽሔቱ በዓመት አራት ጊዜ ይወጣል። ከ1962 ጀምሮ ደግሞ የስምምነቶችንና የፍርዶችን ሙሉ ቃል የሚያትም ሌላ ኅትመት አለ፤ ኢንተርኔት ባልነበረበት ዘመን ይህ ኅትመት በብዙ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቸኛው መንገድ ነበር። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የአልጀርስ ስምምነት ጀምሮ የድንበር ኮሚሽኑን የኤፕሪል 13 ቀን 2002 ውሳኔ ጭምር አትሞታል። የዛሬ ልጆች በስልካቸው ስለሚያወርዱት ዋጋው አይታያቸው ይሆናል።

ዋናው ጉባኤ መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ፣ የዋሽንግተን የቼሪ ዛፎች ሲያብቡ ወይም አበባቸው ሲረግፍ ነው። ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። በመክፈቻው የዓለም አቀፍ ሕግ አባት በሚባለው በሁጎ ግሮሽየስ ስም የሚሰጥ ንግግር አለ፤ ደንቡ ደስ የሚለው፣ ተናጋሪው ከጨረሰ በኋላ ሌላ ሰው እዚያው መድረክ ላይ ወጥቶ ይሞግተዋል። በማንሊ ሃድሰን ስም የተሰየመው ሜዳሊያ ለአንድ አንጋፋ ይሰጣል። የተመረጡ መጻሕፍት ይሸለማሉ። ሠላሳ ከሚበልጡት የፍላጎት ቡድኖች እያንዳንዱ በየክፍሉ ይሰበሰባል፤ የአፍሪካ ቡድንም አለ። ከእነዚህ ትንንሽ ስብሰባዎች አንዱን ያየ ሰው ይስቃል፦ አሥራ ምናምን ሰው፣ የቀዘቀዘ ቡና፣ «የሚቀጥለውን ዓመት ሊቀመንበር እንምረጥ» የሚል አጀንዳና ዓይኑን ወደ መሬት የሚጥል ተሰብሳቢ። አገር ቤት የእድር ጸሐፊ ሲመረጥ ያየ ሰው አይገርመውም።

ማኅበሩ በደንቡ የተጻፈለት ዓላማ የዓለም አቀፍ ሕግን ጥናት ማበረታታትና በአገሮች መካከል ያለው ግንኙነት በሕግና በፍትሕ ላይ እንዲቆም ማገዝ ነው። በተግባር ደግሞ አቋም አይወስድም፤ ያወያያል እንጂ «እንዲህ ይሁን» አይልም። ከስንት አንዴ ግን ይላል። መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት ጉባኤ፣ ማርች 30 ቀን 2006፣ የጦር ኃይል አጠቃቀም በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር እንደሚገዛ፣ ማሰቃየት በማንኛውም ሁኔታ ክልክል እንደሆነና እስረኛን ደብዛውን አጥፍቶ ማቆየት እንደማይፈቀድ የሚገልጽ የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል። የጓንታናሞና የአቡ ግሬብ ዘመን እንደነበረ አስታውሱ። በቃሉ ውስጥ አዲስ ነገር የለም፤ የመጀመሪያ ዓመት የሕግ ተማሪ የሚያውቀው ነው። መቶ ዓመት ሙሉ ዝም ማለትን ልማዱ ያደረገ ቤት እሱን ለማለት መነሳቱ ነበር አዲሱ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ጉባኤው በሚካሄድበት ሰሞን፣ በዚያው ከተማ፣ የፊሊፕ ጄሳፕ የምስለ ችሎት ውድድር የመጨረሻ ዙር ይካሄዳል። ውድድሩን የሚመራው ከማኅበሩ ጥላ ሥር ያደገውና በኋላ ራሱን የቻለው የተማሪዎች ማኅበር ነው። የተጀመረው በ1960 በሃርቫርድ ነው፤ ሁለት አሜሪካውያን ተማሪዎች ከሁለት የውጭ አገር ተማሪዎች ጋር የኩባን የመሬት ማሻሻያ በተመለከተ በተጻፈ ምናባዊ ጉዳይ ተከራከሩ። ጉዳዩን የጻፈው ስቲቨን ሽዌበል በኋላ ራሱ የዓለም ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። ያ የአራት ልጆች ክርክር ዛሬ ከመቶ በላይ አገሮች የሚመጡ የሕግ ትምህርት ቤቶች ውድድር ሆኗል፤ ከአገራችንም ዩኒቨርሲቲዎች ይሳተፋሉ።

አሠራሩን ለማያውቅ፦ በመስከረም በሁለት ምናባዊ አገሮች መካከል የተነሳ አለመግባባት ይታተማል። እያንዳንዱ ቡድን ለአመልካቿም ለተጠሪዋም የጽሑፍ ክርክር ያዘጋጃል። አንዱን ወገን ብቻ ማዘጋጀት አይቻልም። ጥር ላይ ጽሑፉ ገቢ ይሆናል፤ ከዚያ በየአገሩ ማጣሪያ፣ ከዚያ ዋሽንግተን። ለአንድ ወገን 45 ደቂቃ ይሰጣል፤ ሦስት ዳኞች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ጎን ላይ የተቀመጠ ሰዓት ያዥ የቀረውን ደቂቃ በካርድ ያሳያል። ዳኞቹ በፈቃደኝነት የሚመጡ ጠበቆችና መምህራን ናቸው፤ በመጨረሻው ዙር የእውነተኛው ፍርድ ቤት ዳኞች ችሎቱ ላይ ሲቀመጡም ታይቷል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዱ ቅድመ ዙር ላይ በዳኝነት ተቀምጬ ነበር። ክፍሉ የሆቴል መሰብሰቢያ ነው፤ ማቀዝቀዣው ያንጫጫል፤ ጠረጴዛዎቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ችሎት ሆነዋል። አመልካቿን ወክላ የቆመች አንዲት ተማሪ ደንበኛዋ በጎረቤት አገር ውስጥ በሌላ ሕዝብ ላይ ስለተፈጸመ በደል ትከሳለች። ደንበኛዋ ራሷ አልተነካችም። እኔም ዳኛ ነኝና ማፋጠጥ አለብኝ፤ «የተጎዳው ሌላ ነው፤ ያንቺ ደንበኛ ምን አገባት?» አልኳት። የእኛን አገር የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33 ያነበበ ሁሉ የሚያውቀው ጥያቄ ነው፤ በክሱ ላይ መብት ወይም ጥቅም የሌለው ከሳሽ ሊሆን አይችልም። ሰዓት ያዡ «5» የሚል ካርድ አነሳ። ልጅቷ የውኃ ብርጭቆዋን ገፋ አድርጋ፣ ግዴታው ለተጎዳው አገር ብቻ የተገባ ሳይሆን ለሁሉም እንደሆነ፣ ለሁሉም ከሆነ ደግሞ ለደንበኛዋም እንደሆነ በሦስት አረፍተ ነገር መለሰችልኝ። ከዚያ «ክቡር ዳኛ፣ የ1966ቱን የደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ፍርድ ሊጠቅሱብኝ ከሆነ፣ የዳኛ ጄሳፕን የልዩነት ሐሳብ እጠቅሳለሁ» አለች።

ፊቴን ያየ ሰው ምን እንደተሰማኝ ያውቅ ነበር። ጥያቄዬ ኢትዮጵያን ከችሎት ያስወጣው ጥያቄ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የዛሬዋ ናሚቢያ ያኔ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ትባል ነበር፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሞግዚትነት ለደቡብ አፍሪካ የተሰጠች ግዛት ነች። ደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድን ሥርዓት እዚያም ዘረጋች። በጁን 1960 አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት ነጻ የአፍሪካ መንግሥታት ጉዳዩ ወደ ዓለም ፍርድ ቤት ይሂድ አሉ። ማን ይክሰስ? በሞግዚትነቱ ሰነድ መሠረት መክሰስ የሚችለው የመንግሥታት ማኅበር አባል የነበረ አገር ብቻ ነው። ከአፍሪካ ይህን ሸክም የተሸከሙት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ነበሩ። ነገሩ ልብ ይነካል፤ ኢትዮጵያ በ1923 የገባችበት፣ በ1935 ስትወረር ያልደረሰላት ያው የጄኔቫ ማኅበር፣ ከፈረሰ በኋላ ለሌላ አፍሪካዊ ሕዝብ መሟገቻ ወረቀት ሆነላት።

ክሱ ኖቬምበር 4 ቀን 1960 ገባ። የሁለቱ አገሮች ጠበቃ አሜሪካዊው ኧርነስት ግሮስ ነበር። ደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አቀረበች፤ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 1962 በ8 ለ7 ድምፅ መቃወሚያውን ጥሎ ጉዳዩን አያለሁ አለ። ከዚያ የጽሑፍና የቃል ክርክር ዓመታት ፈጀ። በመሀሉ የችሎቱ አባላት ተለዋወጡ፤ አንድ ዳኛ ሞቱ፣ አንዱ ታመሙ፣ አንዱ አልተሰየሙም። ጁላይ 18 ቀን 1966 ሲፈረድ ድምፁ 7 ለ7 ሆነ። ፕሬዚዳንቱ አውስትራሊያዊው ፐርሲ ስፔንደር በወሳኝ ድምፃቸው ሚዛኑን አዘነበሉት። ፍርዱ አፓርታይድ ሕጋዊ ነው ወይም አይደለም አላለም። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በክሱ ጉዳይ ላይ የራሳቸው የሆነ መብት ወይም ጥቅም መኖሩን አላስረዱም፣ ስለዚህ ክሱ ውድቅ ነው አለ። ስድስት ዓመት ከተሟገቱ በኋላ «ምን አገባችሁ» ተባሉ።

ከተቃወሙት ሰባት ዳኞች አንዱ አሜሪካዊው ፊሊፕ ጄሳፕ ነው። ከመቶ ገጽ የሚበልጥ የልዩነት ሐሳብ ጻፈ፤ ገና ከመግቢያው ላይ፣ ለፍርድ ቤቱ ትልቅ አክብሮት እያለው፣ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ የተሰጠው ይህ ፍርድ ሙሉ በሙሉ የሕግ መሠረት የሌለው ነው አለ። ዳኛ ስለ ባልደረቦቹ እንዲህ ሲጽፍ ተራ ነገር አይደለም። ጃፓናዊው ዳኛ ታናካ ስለ እኩልነት የጻፉትም እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ አፍሪካውያኑ ፎርስተርና ምባነፎም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ናቸው። በታሪክ አጋጣሚ ግን ስሙ በውድድር ላይ የተለጠፈው ጄሳፕ ነው።

ጄሳፕ የማኅበሩ ሰው ነበር። ሴናተር ማካርቲ በ1950 ኮሚኒስቶችን ይደግፋል ብሎ ዘመተበት፤ በማግስቱ ዓመት የሴኔቱ ንዑስ ኮሚቴ ለተባበሩት መንግሥታት ልዑክነት መታጨቱን አላጸድቅም አለ። በ1954 ማኅበሩ ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠው። እኔ ይህን ምርጫ ከ2006ቱ የውሳኔ ሐሳብ አስበልጠዋለሁ። መግለጫ የለውም፤ ጩኸት የለውም፤ በየዓመቱ የሚደረግ የተለመደ ምርጫ ነው፤ ግን ዋሽንግተን ውስጥ ሰው ሰላምታ እየፈራ በነበረበት ሰዓት የተደረገ ነው።

ፍርዱ በተሰጠ በሦስት ወሩ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 1966፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት አበቃ አለ። በ1970 ያው ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ ላይ፣ ለመላው የዓለም ማኅበረሰብ የሚገቡ ግዴታዎች እንዳሉ፣ የዘር መድልዎ ክልከላም ከእነሱ መሀል እንደሆነ ጻፈ። በ1971 ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያ ውስጥ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው ብሎ አስተያየት ሰጠ። ናሚቢያ ማርች 21 ቀን 1990 ነጻ ወጣች። የ«ምን አገባህ» ጥያቄ ግን ገና አላለቀም ነበር። በ2012 ቤልጅየም በሴኔጋል ላይ ባቀረበችው ክስ ላይ ፍርድ ቤቱ የማሰቃየት ክልከላ ስምምነት አባል የሆነ ማንኛውም አገር ሊከስ እንደሚችል ተቀበለ። በ2022 ጋምቢያ ስለ ሮሂንጋዎች ሚያንማርን ስትከስ ያው መልስ በ15 ለ1 ድምፅ ተሰጠ። ዲሴምበር 2023 ላይ በዚሁ መንገድ እስራኤልን ልትከስ ወደ ሄግ የመጣችው ደግሞ ራሷ ደቡብ አፍሪካ ናት፤ በ1966 «ኢትዮጵያን ምን አገባት» ብላ የረታችው አገር። አፓርታይድን ያፈረሰች ሌላ ደቡብ አፍሪካ ነች፤ የችሎቱ መዝገብ ግን በአንድ ስም ይጠራታል።

ይህን ሁሉ ማኅበሩ አደረገው እያልኩ አይደለም። ያደረጉት መንግሥታት፣ ታጋዮችና ዳኞች ናቸው። ጓደኛዬ ይህን ቢለኝ ልክ ነው። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ከ1966 እስከ 2012 ድረስ 46 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የተረታው ክርክር ይቀመጥ የነበረው የት ነው? በመጽሔት ገጽ፣ በጉባኤ መድረክና በተማሪዎች የጽሑፍ ክርክር ውስጥ ነው። በየዓመቱ ሁለቱንም ወገን ይዞ መከራከር ግዴታ የሆነበት ውድድር ሲኖር፣ የተሸናፊው ወገን መዝገብ አይዘጋም። የሆነ ቦታ ያለች አንዲት ተማሪ ሊነጋ ሲል ያን የልዩነት ሐሳብ አውጥታ ታነበዋለች። ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ በአንድ ሚኒስቴር ውስጥ የሕግ አማካሪ ትሆናለች።

ኢትዮጵያ በሌላ በርም ከዚህ ቤት ጋር ተገናኝታለች። ከባድመ ጦርነት በኋላ በአልጀርስ ስምምነት የተቋቋመው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽን አምስት አባላት ነበሩት። አንዷ ሉሲ ሪድ በ2008 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆነች፤ ኮሚሽኑ የመጨረሻውን የካሳ ውሳኔ ኦገስት 17 ቀን 2009 ሲሰጥ በሁለቱም ወንበር ላይ ነበረች። ሌላው አባል ጄምስ ፖል ደግሞ በ1963 በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ፋኩልቲ የመጀመሪያው ዲን ነበር። በሌላ አነጋገር የአገራችንን የመጀመሪያ የሕግ ተመራቂዎች ያስተማረ ሰው፣ በስተርጅናው ስለ ዛላምበሳና ስለ ምርኮኞች ፍርድ ሰጠ። ለኢትዮጵያ የተወሰነው ገንዘብ 174 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኤርትራ 163 ሚሊዮን ገደማ ነው። መከፈሉን ተዉት።

ስለ ጉድለቱ ሳልናገር ባልፍ ጉዳይ ጥናት አይባልም። ማኅበሩ ራሱ በፕሮፌሰር ሄንሪ ሪቻርድሰን ሰብሳቢነት ባስጠናው ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት አሥርት ዓመታት ጥቁሮችና ሌሎች አናሳዎች እንዴት እንደተገፉ ወይም ተስፋ እንደቆረጡ መርምሮ በ2020 ሪፖርቱን አውጥቷል። ዘግይቷል፤ ግን የራሱን መዝገብ ገልጦ አሳይቷል። የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት አሎና ኢቫንስ የተመረጠችው በ1980 ነው፤ ከተቋቋመ 74 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የዘንድሮው ችግር ደግሞ ገንዘብና ቪዛ ነው። የጉባኤው መግቢያ፣ ሆቴሉ፣ የአውሮፕላኑ ትኬት ሲደመር ለአንድ የአዲስ አበባ ወይም የባሕር ዳር መምህር የወራት ደመወዝ ነው።

የቪዛውን ነገር በቅርብ አይቼዋለሁ። ከአንድ አፍሪካ አገር ማጣሪያውን አልፈው ወደ ዋሽንግተን ሊመጡ የነበሩ ተማሪዎችን ለመቀበል ከጓደኞቼ ጋር ማረፊያ አዘጋጅተን ነበር። አንድ ቆንስላ ቀጠሮ የሰጣቸው ውድድሩ ካለቀ በኋላ ላለ ቀን ነው። የቡድኑ አሠልጣኝ «እንግዲህ ለሚቀጥለው ዓመት» ብላ በስልክ ስትነግረኝ ድምጿ አልተለወጠም፤ የተዘጋጀችበት ይመስል ነበር። ስለ አገሮች እኩልነት የሚከራከሩ ልጆች ከፓስፖርታቸው ቀለም የተነሳ ችሎት ሳይደርሱ ቀሩ። ለነገሩ እነሱም «ደጅ ላይ» ቀርተዋል፤ ጄሳፕ በ1966 የተቃወመውም ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ደጃፍ ላይ አቁሞ መመለሱን ነበር።

የ2020 ወረርሽኝ ይህን በር ሳያስበው ገርበብ አደረገው። ኤፕሪል ላይ ሊደረግ የነበረው ጉባኤ ተሰርዞ ጁን 25 እና 26 በኢንተርኔት ተካሄደ፤ የምስለ ችሎቱ የዋሽንግተን ዙር ያን ዓመት ቀረ፣ በማግስቱ ዓመት በስክሪን ተደረገ። ሆቴሉን የናፈቁ ብዙ ነበሩ፤ እኔም አንዱ ነኝ፤ የኮሪደር ወሬ በስክሪን አይገኝም። ግን ያ በስልክ ያነጋገረችኝ አሠልጣኝ ቡድን ያለ ቆንስላ፣ ያለ ትኬት፣ ከራሱ ከተማ ሆኖ ተከራከረ። መብራት አንዴ ሄዶባቸው ዳኞቹ ጠበቋቸው።

አምና በዕንቁጣጣሽ ሰሞን አዲስ አበባ ነበርኩ። ለጓደኛዬ ደውዬ ልመልስለት ያሰብኩትን ሁሉ ይዤ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ሻይ ቤት ቀጠርኩት። አጠገባችን አራት የሕግ ተማሪዎች ተቀምጠዋል፤ አዲሱ የውድድር ጉዳይ በወጣ በሳምንቱ መሆኑ ነው፤ ፎቶ ኮፒው ማኪያቶ ነክቶታል። ሁለቱን ወገን ሊከፋፈሉ ወረቀት ቆርጠው ዕጣ ያወጣሉ። ጓደኛዬ ወሬያችንን አቁሞ አያቸው። አንደኛው ልጅ የደረሰውን ወረቀት ገልጦ ፊቱን አጨማደደ፤ ተጠሪዋ ደርሳዋለች፤ ከደቂቃ በፊት «ይቺስ አገር መከላከያ የላትም» ሲል የነበረው እሱ ነው። ሌሎቹ ሳቁበት። እሱም ስክሪብቶ ከኪሱ አወጣና ከገጽ አንድ ጀምሮ እንደገና ማንበብ ጀመረ።